ዳንቴስ ቤልጋርድ፤ የሐይቲ መልእክተኛ በጄኔቭ

ትልቅ ሠራዊት ያለው መንግሥት መልእክተኛ በዓለም ጉባኤ ቆሞ ሲናገር፣ የሚሰማው ንግግሩ ብቻ አይደለም፤ ከኋላው ያሉት መርከቦችና መድፎችም አብረው ይሰማሉ። የትንሽ አገር መልእክተኛ ግን ከቃሉ በቀር ሌላ የሚሰማለት የለውም። ከዚህም የባሰ አለ። መልእክተኛውን የላከችው አገር ራስዋ በባዕድ ወታደር የተያዘች እንደ ሆነች፣ ሰውየው በጉባኤው ፊት ምን ብሎ ይናገራል? ቢናገርስ ማን ይሰማዋል? ዛሬ የምናቀርበው ይህን ጥያቄ በዕድሜያቸው ሁሉ ሲመልሱ የኖሩ የአንድ የሐይቲ ሰው ታሪክ ነው። ስማቸው ዳንቴስ ቤልጋርድ ይባላል። በአገራችን ስማቸው እምብዛም አልታወቀም። ሆኖም የሕይወታቸው ታሪክ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በኢትዮጵያ ላይ ከደረሰው መከራ ጋር በአንድ ጉባኤ አዳራሽ የሚገናኝ ስለ ሆነ፣ ልናውቀው ይገባናል። ለየብቻው ካላመለከትን በቀር ዘመኑን የምንጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

አስቀድመን ስለ አገራቸው ጥቂት እንናገር። ሐይቲ በካሪብ ባሕር ውስጥ የምትገኝ የአንዲት ደሴት ምዕራባዊ ክፍል ናት። ፈረንሳዮች በገዟት ጊዜ ሳን ዶሚንግ ትባል ነበር። ሕዝቧም ከአፍሪካ በመርከብ ተጭኖ በሸንኮራ አገዳና በቡና እርሻ ላይ እንደ ከብት የሚሠራ ባሪያ ነበር። በ1791 እነዚህ ባሮች ተነሡ። ቱሴን ሉቨርቱር የተባለው መሪያቸው ተይዞ ወደ ፈረንሳይ ተወሰደና በ1803 በፎር ደ ዡ እስር ቤት በብርድ ሞተ። ጓደኞቹ ግን ትግሉን ሳያቋርጡ ናፖሌዎን የላከውን ሠራዊት ድል አደረጉ፤ ዣን ዣክ ዴሳሊንም ጃንዋሪ 1 ቀን 1804 የአገሪቱን ነፃነት አወጀ። በዓለም ታሪክ ባሮች ተነሥተው የራሳቸውን መንግሥት ያቆሙበት አገር ሐይቲ ናት።

ይሁን እንጂ ነፃነቱ በነፃ አልተገኘም፤ ከተገኘም በኋላ ዋጋ ተጠየቀበት። በ1825 የፈረንሳይ ንጉሥ የጦር መርከቦች ልኮ፣ ለቀድሞዎቹ ባለ ርስቶች ካሣ የሚሆን 150 ሚሊዮን ፍራንክ ካልተከፈለ ነፃነታችሁን አላውቅም አለ። በ1838 ገንዘቡ ቢቀነስም፣ ዕዳውንና ዕዳውን ለመክፈል የተበደሩትን ብድር ሐይቲዎች ለልጅ ልጅ እያወረሱ ሲከፍሉ ኖሩ። የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታትም የሐይቲን ነፃነት ያወቁት በ1862 ነው። እንግዲህ ይህች አገር ስትወለድ ጀምሮ ብቸኛ ነበረች ማለት ነው። ስለዚህም ሐይቲዎች ጥቁር ሕዝብ ነፃ ሆኖ የሚኖርበትን ሌላ አገር በዓይናቸው ይፈልጉ ነበር። ቤኒቶ ሲልቬን የተባለው የሐይቲ ተወላጅ ከአድዋ ድል በኋላ በ1897 እስከ አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ከዳግማዊ ምኒልክ ፊት የቀረበው ስለዚሁ ነው።

ዳንቴስ ቤልጋርድ በ1877 በፖርቶ ፕረንስ ከተማ ተወለዱ። ቤተ ሰባቸው ስም እንጂ ሀብት አልነበረውም። አክስታቸው አርዣንቲን ቤልጋርድ የታወቁ የሴቶች ልጆች አስተማሪ ነበሩ፤ ስለዚህ ትምህርት በዚያ ቤት ከገንዘብ ይልቅ ይከበር ነበር። ልጁ ቤልጋርድ ሊሴ ፔትዮን በሚባለው በከተማው ትልቅ ትምህርት ቤት ተምረው፣ በዚያው ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኑ። ሕግም አጠኑ። ከዚያ በትምህርት ሚኒስቴር ሠሩ፤ ኋላ ፕሬዚዳንት ከሆኑት ከስቴንዮ ቬንሳን ጋርም ለሕፃናት የሐይቲን ታሪክና ጂኦግራፊ የሚያስተምር መጽሐፍ አዘጋጁ። እንግዲህ ሰውየው መልእክተኛ ከመሆናቸው በፊት አስተማሪ ነበሩ። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በጉባኤ ላይ ሲናገሩ ሰው ሳያውቀው የቀረ ነገር እንዳይኖር፣ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ የሚያስረዱበት ልማድ ከዚያ የመጣ ይመስላል።

በዚህ መካከል በአገራቸው ላይ ትልቅ መከራ ደረሰ። በዲሴምበር 1914 የአሜሪካ የባሕር ኃይል ወታደሮች በፖርቶ ፕረንስ ወርደው፣ ከብሔራዊው ባንክ 500 ሺህ ዶላር የሚያወጣ ወርቅ በጦር መርከብ ጭነው ወደ ኒውዮርክ ወሰዱ። በጁላይ 1915 ደግሞ ፕሬዚዳንቱ ቪልብረን ጊዮም ሳም እስረኞችን ካስፈጀ በኋላ በተቆጣ ሕዝብ እጅ ተገደለ። በዚያው ቀን የአሜሪካ ወታደሮች ጸጥታ እናስከብራለን ብለው በባሕር ዳር ወረዱ። ለጥቂት ጊዜ የመጡ መስለው 19 ዓመት ቆዩ።

ወታደሮቹ ሐይቲን በስም መንግሥት አሳጥተው አልያዙአትም። ፕሬዚዳንትም ሚኒስትሮችም ባንዲራም ነበሩ። ነገር ግን በ1915 በተፈረመው ውል መሠረት የጉምሩኩ ገቢ በአሜሪካኖች እጅ ገባ፤ የገንዘቡ ሚኒስቴርም ያለ አሜሪካዊው የገንዘብ አማካሪ ፈቃድ ሳንቲም ማውጣት አልቻለም፤ የጸጥታ ጠባቂው ጦር መኮንኖችም አሜሪካኖች ሆኑ። በ1917 ምክር ቤቱ እንቢ ቢል ተበተነ፤ በ1918 የወጣው አዲስ ሕገ መንግሥት ደግሞ ከዴሳሊን ዘመን ጀምሮ ለባዕድ ሰው የተከለከለውን የመሬት ባለቤትነት ፈቀደ። ገበሬው ያለ ደመወዝ መንገድ እንዲሠራ እየተገደደ በገመድ እየታሰረ ይነዳ ስለ ነበር በገጠር አመፅ ተነሣ። የአመፁ መሪ ሻርለማኝ ፔራልት በ1919 በተንኮል ተገደለ፤ ሬሳውም ለሕዝብ መፈራሪያ እንዲሆን በበር ሳንቃ ላይ ታስሮ ፎቶግራፍ ተነሣና ተበተነ። ሕዝቡ ግን ያንን ሥዕል እንደ ስቅለት ሥዕል አየው።

ቤልጋርድ የትምህርትና የእርሻ ሚኒስትር ሆነው የተሾሙት በዚህ ጊዜ፣ በ1918 ነው። በዚህ ሹመታቸው ላይ አንዳንድ የአገራቸው ሰዎች ያኔም ሆነ ከዚያ በኋላ ነቅፈዋቸዋል። ወረራው ባቆመው መንግሥት ውስጥ ሹመት መቀበል ለወረራው ማገዝ አይደለምን? የሚል ነቀፋ ነው። ነቀፋው ያለ ምክንያት አልነበረም። የቤልጋርድ አሳብ ግን፣ ትምህርት ቤት እስኪከፈት ድረስ ወታደሩ እስኪወጣ አይጠበቅም፤ ያልተማረ ልጅ ወታደሩ ቢወጣም አገሩን ሊጠብቅ አይችልም፣ የሚል ነበር። ስለዚህ የአስተማሪዎች ደመወዝ ከፍ እንዲል፣ የአስተማሪዎች ማሠልጠኛ እንዲስፋፋ፣ ለሴቶች ልጆች የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት እንዲቋቋም ደከሙ።

የደከሙበት ግን በገንዘብ አማካሪው በር ላይ ይቆም ነበር። ሚኒስትሩ ትምህርት ቤት ልክፈት ቢሉ፣ ገንዘቡን የሚፈቅደው በአገሩ ሕዝብ ያልተመረጠ፣ ለአገሩ ሕዝብም የማይጠየቅ ባዕድ ነው። በ1920 ደግሞ የሐይቲ መንግሥት አሜሪካኖች ያቀረቡለትን የባንክ ውልና ሌላም ነገር አልፈርምም ባለ ጊዜ፣ አማካሪው የፕሬዚዳንቱን፣ የሚኒስትሮቹንና የመንግሥቱን ምክር ቤት አባሎች ደመወዝ አገደ። ከነዚያ ሚኒስትሮች አንዱ ቤልጋርድ ነበሩ። ክቡር አንባቢ ሆይ፤ የገዛ አገሩ ሚኒስትር ሆኖ ደመወዙን ባዕድ ሰው የሚከለክለው ሰው፣ ነፃነት የሚባለው ቃል በወረቀት ላይ ሲጻፍና በእውነት ሲገኝ ያለውን ልዩነት ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። ቤልጋርድ ወደ ጄኔቭ የሄዱት ይህን ዕውቀት ይዘው ነው።

በ1921 በፓሪስ የሐይቲ ሚኒስትር፣ በዓለም መንግሥታት ማኅበርም የአገራቸው ወኪል ሆነው ተላኩ። በዚያው ዓመት አሜሪካዊው ጥቁር ሊቅ ዱቦይስ የጠራው ሁለተኛው የአፍሪካውያን ጉባኤ በሎንዶን፣ በብረስልና በፓሪስ ተደርጎ ነበርና፣ ቤልጋርድ በፓሪሱ ስብሰባ ተገኝተው ከክብር መሪዎቹ አንዱ ሆኑ። ጉባኤው ለማኅበሩ ካቀረበው ልመና አንዱ፣ ከጀርመን ተወስደው በሞግዚትነት የተሰጡትን አገሮች በሚመረምረው ኮሚሲዮን ውስጥ ከጥቁር ዘር አንድ ሰው እንዲገባ የሚል ነበር። ቤልጋርድም አሳቡን ደገፉ። ጥያቄው አልተፈጸመም። ይሁን እንጂ በሚቀጥለው ዓመት የሆነው ነገር ያ ሰው ለምን አስፈላጊ እንደ ነበረ አሳየ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ይባል የነበረው፣ ዛሬ ናሚቢያ የሚባለው አገር፣ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ስም ለደቡብ አፍሪካ ሞግዚትነት ተሰጥቶ ነበር። ሞግዚትነት ማለት፣ በጽሑፉ እንደ ተገለጠው፣ የሕዝቡን ደህንነትና እድገት የተቀደሰ አደራ አድርጎ መያዝ ነው። በዚህ አገር ደቡባዊ ክፍል ቦንደልስቫርት የሚባሉ ከብት አርቢዎችና አዳኞች ይኖራሉ። በውሻ አድነው የሚበሉና ከብታቸውን በውሻ የሚጠብቁ ናቸው። ባለ ሥልጣኖቹ በውሻ ላይ ከባድ ግብር ጣሉባቸው። የአሳቡ ዓላማ፣ በራሳቸው አደንና ከብት የሚኖሩት ሰዎች ገንዘብ ፍለጋ በነጮች እርሻ ላይ በርካሽ እንዲቀጠሩ ለማስገደድ ነው ብለው ብዙዎች ፈርደዋል። ሰዎቹ ግብሩን ለመክፈል አልቻሉም። በተጨማሪም ከመሪዎቻቸው አንዱን አብራም ሞሪስን አሳልፈው እንዲሰጡ ቢጠየቁ እንቢ አሉ። በሜይና በጁን 1922 ባለ ሥልጣኑ ጦር አዘመተባቸው፤ መትረየስም፣ ከሰማይ ቦምብ የሚጥሉ አውሮፕላኖችም ላከባቸው። ወደ 100 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ፤ ከነሱም መካከል ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ከብታቸውም አለቀ።

በሴፕቴምበር 1922 ማኅበሩ በጄኔቭ በተሰበሰበ ጊዜ ስለዚህ ነገር ለመናገር የተነሡት የእንግሊዝ ወይም የፈረንሳይ ወኪል አልነበሩም። የሐይቲው ወኪል ዳንቴስ ቤልጋርድ ነበሩ። ነገሩን ከመነሻው፣ ከውሻው ግብር ጀምረው ለጉባኤው ተረኩ። ቀጥለውም፣ ያልታጠቁ ሴቶችና ሕፃናት በዚህ ማኅበር ስምና ጥበቃ ሥር በጦር መሣሪያ መገደላቸው ማኅበሩ ሊሸከመው የማይችል ነውር ነው አሉ። ጉባኤው አጨበጨበላቸው። ነገሩም ለሞግዚትነት ኮሚሲዮን እንዲመራ ተወሰነ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ማሰብ ይገባል። በአገራችን ተረት «የራስዋ እያረረባት የሰው ታማስላለች» ይባላል። ቤልጋርድ በጄኔቭ ስለ ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ በሚናገሩበት በዚያ ሰዓት፣ በፖርቶ ፕረንስ የአሜሪካ ወታደሮች ቤተ መንግሥቱን ይጠብቁ ነበር። የሐይቲ ገበሬም እንደ ቦንደልስቫርቶቹ በመትረየስ ተገድሏል። እንግዲህ አንድ ሰው ተነሥቶ፣ «አንተ የራስህን ድስት ትተህ የሰውን ታማስላለህ» ቢላቸው መልሳቸው ምን ሊሆን ይችል ነበር?

መልሱ በሁለት ወገን ይታያል። አንደኛው፣ የራሳቸውን ድስት በዚያ ጊዜ በዚያ ጉባኤ ማማሰል ቀላል አልነበረም። አሜሪካ የማኅበሩ አባል አይደለችም፤ የላካቸው መንግሥትም በአሜሪካ እጅ ነው፤ ትልቆቹም አባሎች አሜሪካን ለማስቀየም አይፈልጉም። ሁለተኛው ግን ከዚህ ይበልጣል። ቤልጋርድ ስለ ቦንደልስቫርቶች ያሉት ቃል ሁሉ ለሐይቲም የተባለ ነበር። ያልታጠቀ ሕዝብ፣ አሠልጥናችኋለሁ በሚል ኃይለኛ መገደሉ ነውር ነው ተብሎ በጉባኤ ከተጨበጨበ፣ ይኸው ፍርድ ለሐይቲ ስለማይሠራበት ምክንያት ማንም ሊናገር አይችልም። ሌላም ተረት አለንና፤ «ሰው ሲታማ ለእኔ ብለህ ስማ» ይባላል። የሐይቲው ሰው የሰሙት ለራሳቸው ነበር፤ የተናገሩትም ለራሳቸው ነበር። እርግጥ ነው፣ ስለ ሌላው ሰው የሚናገር ሰው ስለ ራሱ ከሚናገረው ይልቅ ይታመናል። ይህንንም ያውቁ ነበር ብንል አንሳሳትም።

ውጤቱስ ምን ሆነ? እውነቱን እንናገር። ኮሚሲዮኑ በ1923 ነገሩን መርምሮ የደቡብ አፍሪካን አስተዳደር ነቀፈ፤ ነገር ግን አባሎቹ በአንድ ቃል ሊስማሙ አልቻሉም። የሞቱት አልተካሱም፤ ያዘመተውም ሰው አልተቀጣም። ይህ ብቻ ሳይሆን፣ በ1922 ከአሜሪካኖች ጋር ተባብረው የሚሠሩት ሉዊ ቦርኖ የሐይቲ ፕሬዚዳንት ሆኑና ቤልጋርድ ከሹመታቸው ተነሡ። በጉባኤ የተጨበጨበለት ሰው በማግሥቱ ያለ ሥራ ቀረ።

ያለ ሹመት ግን ያለ ቃል አልቀሩም። ማኅበሩ በ1924 የባርነትን ጉዳይ የሚመረምር ኮሚሲዮን ሲያቋቁም ቤልጋርድ አባል ሆነው ተመረጡ። ከነሱ ጋር የተቀመጡት በብዛት የቅኝ ግዛት ባለ ሥልጣኖች ነበሩ፤ ናይጄሪያን የገዙት እንግሊዛዊው ሉጋርድና ፈረንሳዊው ደላፎስ ከነዚህ ናቸው። በባሮች አመፅ የተወለደች አገር ልጅ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጡ ትርጉም ያለው ነገር ነው። የኮሚሲዮኑም ሥራ በ1926 ለተፈረመው ባርነትን ለሚከለክለው ዓለም አቀፍ ውል መሠረት ሆነ።

ይህ ኮሚሲዮን የእኛንም አገር የሚነካ ነበር። ኢትዮጵያ በአልጋ ወራሽ በራስ ተፈሪ ጥረት መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. ወደ ማኅበሩ ስትገባ፣ በአገሪቱ የነበረው ባርነት እንደ መከራከሪያ ተነሥቶባት፣ ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገብታ ነው የገባችው። ባርነቱ በእውነት ነበረ፤ ማጥፋቱም ግዴታ ነበር። ዳሩ ግን ይህን ክስ ከሁሉ ይልቅ ጮኾ የተናገረው፣ ከ12 ዓመት በኋላ የኢትዮጵያን ባሮች ነፃ አወጣለሁ እያለ በመርዝ ጋዝ የመጣው መንግሥት ሆነ። አሠልጣኝ ነኝ ባዩ ምን ይዞ እንደሚመጣ ሐይቲዎች ከእኛ በፊት ቀምሰውት ነበር።

ወደ ቤልጋርድ እንመለስ። በአገራቸው ተቀምጠው ይጽፉ ጀመር። በ1929 የአሜሪካ ወረራ በሐይቲ ሥነ ምግባርና ኢኮኖሚ ላይ ያስከተለውን ጉዳት የሚያሳይ መጽሐፍ አሳተሙ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ተማሪዎች ሥራ አቆሙ፤ አመፁም ወደ ገጠር ተዛመተ፤ በዲሴምበር 1929 በሌ ካይ ከተማ አጠገብ የአሜሪካ ወታደሮች ተኩሰው ከ10 የሚበልጡ ገበሬዎችን ገደሉ። ይህ ወሬ በአሜሪካ ራሱ ቁጣ ስላስነሣ ፕሬዚዳንት ሁቨር መርማሪ ኮሚሲዮን ላኩ። ቦርኖ ከሥልጣን ወረዱ። ቤልጋርድም በ1930 እንደ ገና ወደ ጄኔቭ ተልከው፣ በ1922 በስሙ ሊጠሩት ያልቻሉትን የገዛ አገራቸውን ጉዳይ በዚያው ጉባኤ ፊት አነሡ።

ቀጥሎም የመጽሐፋቸው ባልንጀራ ስቴንዮ ቬንሳን ፕሬዚዳንት ሲሆኑ፣ ቤልጋርድ በ1931 በዋሽንግተን የሐይቲ ሚኒስትር ሆኑ። የሚኒስትርነታቸውን ደብዳቤ ያቀረቡት አገራቸውን በወታደር ለያዘው መንግሥት ነው። በዚያ እስከ 1933 ቆዩ። የመጨረሻው የአሜሪካ ወታደር በኦገስት 1934 ከሐይቲ ወጣ። የገንዘቡ ቁጥጥር ግን ከወታደሩ ጋር አልወጣም፤ በ1922 የተወሰደው ብድር እስኪከፈል ድረስ እስከ 1947 ቆየ። ባንዲራው በ1934 ተሰቀለ፤ የካዝናው ቁልፍ የተመለሰው ግን ከ13 ዓመት በኋላ ነው።

ነፃነቱን ያመጣው የቤልጋርድ ንግግር ብቻ ነው ብንል ታሪኩን እናዛባለን። የፔራልት ገበሬዎች ደም አለበት፤ የተማሪዎቹ አመፅ አለበት፤ የአሜሪካ ጥቁሮች ጋዜጦችና ማኅበሮች ክርክር አለበት፤ ወረራው ለአሜሪካ ራስዋ ከጥቅሙ ወጪው መብለጡም አለበት። እንደዚሁም ሰውየው እንከን አልነበራቸውም ማለት አይቻልም። ቤልጋርድ በፈረንሳይ ቋንቋና ሥልጣኔ እጅግ የሚመኩ፣ ሐይቲን የዚያ ሥልጣኔ ወራሽ አድርገው የሚያዩ ሰው ነበሩ። ገበሬው የሚናገረውን የክሬዮል ቋንቋና ከአፍሪካ ይዞት የመጣውን ባህል በእኩል ዓይን አላዩትም። ሊቁ ዣን ፕራይስ ማርስ በ1928 በጻፈው መጽሐፍ፣ የሐይቲ ምሁር የአያቶቹን የአፍሪካን ውርስ ንቆ የባዕድ መልክ ለብሷል ብሎ ሲወቅስ፣ ወቀሳው የሚመለከተው እንደ ቤልጋርድ ያሉትንም ነበር። በጄኔቭ ስለ አፍሪካ ገበሬ ያለ ፍርሃት የተናገሩ ሰው፣ በገዛ አገራቸው የገበሬውን ቋንቋ ከትምህርት ቤት ደጅ አላስገቡትም። ይህንንም አብሮ መናገር ለእውነት ያስፈልጋል።

አሁን በመጀመሪያ ወዳነሣነው ጥያቄ እንድረስ። ኃይል የሌለው ሰው ቃል ምን ይጠቅማል? «ዝም አይነቅዝም» የሚል ተረት አለን፤ ብዙ ጊዜም እውነት ነው። በጉባኤ ፊት ግን ዝምታ ይነቅዛል። የሐይቲ ወኪሎች ከ1922 ጀምሮ የለመዱት ሌላ ነገር ነበር።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የሞሶሊኒ ጦር መረብን ተሻግሮ ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ፣ ማኅበሩ በጄኔቭ ተሰብስቦ በኢጣልያ ላይ የሚጣለውን የኢኮኖሚ ማዕቀብ ይመክር ነበር። ብዙዎቹ ወኪሎች ቃላቸውን እየመዘኑ ተናገሩ። በዚያ ቀን የሐይቲ ወኪል ጄኔራል አልፍሬድ ኔሙር ነበሩ፤ የካፕ ሐይሲየን ተወላጅ፣ የቱሴን ሉቨርቱርን የእስር ዘመን ታሪክ የጻፉ ሰው ናቸው። ተነሥተውም ለጉባኤው፣ ትልቅም ሆን ትንሽ፣ ኃይለኛም ሆን ደካማ፣ ቅርብም ሆን ሩቅ፣ ነጭም ሆን ጥቁር፣ አንድ ቀን እኛም ለአንዱ ኢትዮጵያ ልንሆን እንደምንችል ከቶ አንርሳ አሉ።

ይህ ቃል ከየት መጣ? ሰውየው የተናገሩት የመጨረሻው የአሜሪካ ወታደር ከአገራቸው ከወጣ ገና 14 ወር ሳይሞላ ነው። ለአንዱ ኢትዮጵያ መሆን ምን እንደ ሆነ ያዩት ነው። ደግሞም የቆሙበት መድረክ ቤልጋርድ ስለ ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ የተናገሩበት የዚያው ማኅበር መድረክ ነው። ትንሽዋ አገር በዚያ ቆማ ስለ ሩቅ ሕዝብ መናገርን ከ13 ዓመት በፊት ጀምራዋለች።

ማዕቀቡ ነዳጅ ዘይትን ስላልጨመረ የወራሪውን ጦር አላቆመም። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው በጄኔቭ ቆመው የሕዝባቸውን በደል ሲናገሩ የኢጣልያ ጋዜጠኞች አፏጩባቸው፤ ከጥቂት ቀንም በኋላ ማዕቀቡ ተነሣ። ማኅበሩ ኢትዮጵያን አላዳነም፤ ኋላም ራሱን አላዳነም። በ1922 ስለ ቦንደልስቫርቶች ያጨበጨበው ጉባኤ ከጭብጨባው አልፎ ቢሄድ ኖሮ፣ በ1935 ምናልባት ሌላ ልማድ ይኖረው ነበር። ከአውሮፕላን በሴትና በሕፃን ላይ ቦምብ መጣል የሚያስቀጣ ነገር እንዳልሆነ ዓለም የተማረው ከኢትዮጵያ በፊት ነው።

እንግዲህ ቃሉ ጠቀመ ወይስ አልጠቀመም? ቦምቡን አላስቆመም። ነገር ግን ያ ቃል በጉባኤው መዝገብ ተጽፎ ስለ ቀረ፣ በኋላ ማንም «አላወቅንም፤ የነገረን የለም» ሊል አልቻለም። ደቡብ ምዕራብ አፍሪካም በተባበሩት መንግሥታትና በዓለም ፍርድ ቤት ለብዙ ዓመታት ክርክር ሲደረግበት ኖሮ በ1990 ነፃ ወጣ። በዚያ ክርክር ኢትዮጵያ ከላይቤሪያ ጋር ሆና በ1960 ደቡብ አፍሪካን በሔግ ፍርድ ቤት ከስሳ ነበር። ቤልጋርድ በ1922 በአንድ ንግግር ያነሡትን ነገር ኢትዮጵያ ከ38 ዓመት በኋላ የክስ ማመልከቻ አድርጋ አቀረበችው ማለት ይቻላል። ፍርድ ቤቱ በ1966 ከሳሾቹ መብት የላቸውም ብሎ መለሳቸው፤ በ1971 ግን የደቡብ አፍሪካ በዚያ አገር መቆየት ሕገ ወጥ ነው ሲል አስታወቀ።

ቤልጋርድ ከጄኔቭ ዘመናቸው በኋላም አላረፉም። የሐይቲን ሕዝብ ታሪክ ጻፉ፤ በ1950 በጎናይቭ ከተማ የተሰበሰበው የሕገ መንግሥት ጉባኤ ሊቀ መንበር ሆኑ። ያ ሕገ መንግሥት ለሐይቲ ሴቶች የመምረጥ መብት ሰጠ። ጎናይቭ ዴሳሊን በ1804 ነፃነትን ያወጀበት ከተማ ነው። ከዚያ በኋላ ግን አገራቸው በፍራንሷ ዱቫልዬ እጅ ወደቀች፤ የውጭ ወታደር የሌለበት ግፍ ምን እንደሚመስልም በእርጅናቸው አዩ። በሚያዝያ 1958 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሐይቲን ጎበኙ። በዚያው ዓመት ቤልጋርድ በፖርቶ ፕረንስ በ89 ዓመታቸው ዐረፉ። ኔሙር ከሳቸው 11 ዓመት ቀድመው በ1955 ሞተው ነበር።

ክቡር አንባቢ ሆይ፤ በእኛ አገር ስለ ጄኔቭ ሲነሣ ሁልጊዜ የሚታወሰው የከዱን ትልልቆቹ ናቸው። መታወሳቸውም ትክክል ነው። ነገር ግን ዕዳ የሚከፈለው ለክፉ ብቻ አይደለም። በዚያ አዳራሽ መርከብና መድፍ ሳይኖራቸው ስለ እኛ የተናገሩትንም፣ ከነሱም በፊት ስለ ማያውቁት ሕዝብ መናገርን የጀመሩትን፣ በስማቸው ልናውቃቸው ይገባል። ዛሬም በዓለም ጉባኤ የአንድ ሩቅ ሕዝብ በደል በሚነሣበት ጊዜ የእኛ ወኪል ዝም ይበል ወይስ ይናገር የሚል ጥያቄ ሲነሣ፣ ከመመለሳችን በፊት እነዚህን ሁለት የሐይቲ ሰዎች እናስታውስ።